የደነገጠ ልብ፦ ከልብ ሕመም በኋላ ስለሚመጣ ጭንቀትና ስለ ሕክምናው ታሪክ

በዚህ የታሪክ ዓምዳችን ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ነው። የዛሬው ግን የአንድ ፍርሃት ታሪክ ነው። ልቡ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው «ይመለስብኝ ይሆን?» እያለ የሚኖረው ፍርሃት። ይህ ፍርሃት ስም እስኪያገኝ፣ ሐኪም ከቁም ነገር እስኪቆጥረው፣ በመጨረሻም በስልክና በኢንተርኔት ሳይቀር ሕክምና እስኪሞከርለት ድረስ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ታሪኩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየብሎኩ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከሆስፒታል «ተሽሎታል» ተብሎ ይመለሳል፤ ከአልጋው ግን አይወርድም። ቤተሰቡ ጀሪካን ቀርቶ ኩባያ እንዳያነሳ ይከለክለዋል። ጎረቤት «ክፉ ወሬ አታሰሙት» ይላል። እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ የልቡን ምት ሲቆጥር ያድራል። ሰው ሁሉ ልቡን ይጠብቅለታል፣ ፍርሃቱን ግን የሚጠይቀው የለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብና ሐሳብ

በአማርኛችን ልብና ሐሳብ ድሮም አልተለያዩም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። ሰው ሲደነግጥ «ልቤ ቀጥ አለ»፣ ሲያዝን «ልቤ ተሰበረ»፣ ሲጨክን «ልቤን አደነደንኩ» ይላል። በሌሎች አገሮችም ቢሆን የድሮ ሐኪሞች ይህን ያውቁ ነበር። ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ፣ በ1628 ባሳተመው መጽሐፉ ደስታም ሆነ ሐዘን፣ ተስፋም ሆነ ፍርሃት እስከ ልብ ድረስ ዘልቆ እንደሚነካ ጽፏል።

ከእሱ በኋላ የመጣው የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር ነገሩን በራሱ ላይ አይቶታል። ሀንተር ለብዙ ዓመታት ደረቱን እየጨመቀ የሚይዝ ሕመም ነበረበት፤ ሕመሙም በተናደደ ቁጥር ይነሳበታል። ሊያናድደኝ የፈለገ ማንም ሰው ሕይወቴን በእጁ ይዟታል እያለ ይናገር ነበር ይባላል። በጥቅምት 1793 በሚሠራበት በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሳ፤ ሀንተርም ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። እንግዲህ ንዴትና ድንጋጤ ልብን እንደሚጎዱ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ያልታወቀው የተገላቢጦሹ ነው፤ የታመመ ልብ በበኩሉ ሐሳብን እንዴት እንደሚያሳምም።

የወታደር ልብ

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በጦር ሜዳ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብዙ ወታደሮች ደረታቸውን እየያዙ ወደ ሐኪም ይመጡ ነበር። ልባቸው ይመታል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ይደክማቸዋል፣ ያዞራቸዋል። ያዕቆብ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ከ300 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን መርምሮ በ1871 ጥናቱን አወጣ። በአብዛኞቹ ልብ ላይ ግልጽ የሆነ ጉዳት አላገኘም። ነገር ግን «ውሸታችሁን ነው» ብሎ አላባረራቸውም። ሕመሙን የሚቆጣ ልብ ብሎ ሰየመው፤ በኋላም በሕዝቡ ዘንድ «የወታደር ልብ» ተባለ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያው ነገር በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ታየ። የልብ ሐኪሙ ቶማስ ሉዊስ እነዚህን ወታደሮች እንደ ልብ በሽተኛ አልጋ ላይ ማስተኛት እንደሚጎዳቸው ተረዳ። በአልጋ ፈንታ ቀስ በቀስ የሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዘላቸው። ዛሬ ቀላል፣ ነገ ትንሽ ከበድ ያለ። ይህን በ1918 በመጽሐፍ አሳተመ። አንባቢ ይህችን ነጥብ ልብ ይበል፤ ወደፊት እንመለስባታለን። የፈራ ሰው የሚድነው እንቅስቃሴን በመሸሽ ሳይሆን በልክ በመለማመድ መሆኑ ያኔ ነው መታየት የጀመረው።

አልጋና ወንበር

ታዲያ እውነተኛ የልብ ጉዳት ያለባቸውስ? በ1912 የቺካጎው ሐኪም ጀምስ ሄሪክ ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ ሰው ሁልጊዜ ወዲያው እንደማይሞት፣ ተርፎ ሊኖር እንደሚችል አስረዳ። ዛሬ ሰው «ሃርት አታክ» የሚለው ይህ ነው። የምሥራቹ ሰው መትረፉ ነበር። ጣጣው ግን ሕክምናው ነው፤ ፍጹም ዕረፍት ታዘዘ። በሚቀጥሉት ዓመታት ሕመምተኛው እስከ 6 ሳምንት በጀርባው ተኝቶ እንዲቆይ ይደረግ ነበር። በራሱ እጅ እንዳይበላ፣ እንዳይገላበጥ የሚከለከልበት ጊዜም ነበር።

እስቲ ይታሰባችሁ፤ አንድ አባወራ ለ6 ሳምንት እንደ ሕፃን እየጎረሰ ጣሪያ ሲያይ። በየደቂቃው የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከተንቀሳቀስክ ትሞታለህ።» ዕረፍቱ ራሱ የፍርሃት ትምህርት ቤት ሆነ። በዚያ ላይ መተኛቱ በእግር ላይ ደም እያረጋ ሌላ አደጋ ያመጣ ነበር።

ይህን የሰበሩት በቦስተን ከተማ ሳሙኤል ሌቪንና ወጣቱ ረዳቱ በርናርድ ላውን ናቸው። ላውን በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከሊቱዌኒያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ አንስተው ምቹ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሌሎች ሐኪሞች «ሰው ልትገድሉ ነው» ብለው ተቃወሟቸው። በ1952 ግን የ81 ሕመምተኞችን ውጤት አሳተሙ፤ ወንበሩ አልገደላቸውም። እንዲያውም መንፈሳቸው ተነቃቃ። ቁጭ ያለ ሰው ሰው ያያል፣ በራሱ እጅ ይበላል፣ ቤቱ ስለሚመለስበት ቀን ያስባል። ላውን ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ እሱ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት የኑክሌር ጦርነትን የሚቃወም የሐኪሞች ማኅበርም በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። እኛ ግን ከሥራው ሁሉ ይህችን ወንበር እናስበልጣለን።

የፕሬዚዳንቱ ልብ

በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በዴንቨር ከተማ ሳሉ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያዛቸው። እስከዚያ ድረስ የመሪ ሕመም የሚደበቅ ነገር ነበር። የተጠሩት የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ኋይት ግን ጋዜጠኞችን ሰብስበው ልብ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተዘጋ፣ እንዴት እንደሚድን እንደ አስተማሪ አስረዱ። ኋይት ራሳቸው ብስክሌት የሚነዱና እግረኛ ሰው ነበሩ፤ ሕመምተኛም ወደ ሥራው መመለስ አለበት ባይ ናቸው። አይዘንሃወር በ1956 እንደገና ተመረጡ፤ እስከ 1969ም በሕይወት ቆዩ።

የዚህ ጥቅሙ ለፕሬዚዳንቱ ብቻ አልነበረም። በየቤቱ ተኝቶ «አለቀልኝ» ሲል ለነበረ ሰው፣ ልቡ የታመመ ሰው አገር ሲመራ ማየት ከመድኃኒት አያንስም። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ከልብ ሕመም በኋላ እንቅስቃሴ፣ ትምህርትና ምክር አንድ ላይ የሚሰጥበት የማገገሚያ ፕሮግራም እየተስፋፋ ሄደ።

ፍርሃቱ ሲለካ

ይሁን እንጂ ሐሳብን መጠየቅ ገና ነበር። የልብ ክፍል ሐኪም ልብን ይሰማል፣ ደም ግፊት ይለካል፣ «ደህና ነህ» ብሎ ያሰናብታል። ነገሩን የቀየረው በ1993 በካናዳ ሞንትሪያል የወጣ ጥናት ነው። ናንሲ ፍሬዠር ስሚዝና ባልደረቦቿ ከልብ ሕመም የተረፉ 222 ሰዎችን ሆስፒታል እያሉ ስለ ስሜታቸው ጠየቁ፤ ከዚያም ለ6 ወር ተከታተሉ። በከባድ ድብርት ውስጥ የነበሩት በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በጣም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ብዙ ጥናቶች ተከተሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2008 የልብ ሕመምተኞች ስለ ድብርት እንዲጠየቁ መከረ። ዛሬ ከልብ ሕመም ከተረፉ 5 ሰዎች 1 ያህሉ ከባድ ድብርት እንደሚያጋጥመው ይታወቃል፤ ጭንቀት ደግሞ ከዚያ በላይ የተለመደ ነው።

ፍርሃቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል። ይህ የጤና ነው። እሱ ግን «መጣብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ሰውነት ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል፤ አድሬናሊን ደግሞ ልብን ያስሮጣል። ልቡ ሲሮጥ «ይኸው! እውነቴን ነው» ይላል። በማግስቱ ዳገቱን ይተዋል። ከሳምንት በኋላ ከግቢ መውጣት ይተዋል። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰውነት ይደክማል፤ የደከመ ሰውነት በትንሽ ነገር ልቡ ይመታል። እንዲህ እያለ ክቡ ይጠባል።

ይህን ክብ ለመስበር የሚያገለግለው የንግግር ሕክምና ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊላደልፊያው አሮን ቤክና በሌሎችም እየጎለበተ የመጣ ነው። የሐሳብና የባህሪ ሕክምና ልንለው እንችላለን። ሰውየው «መጣብኝ» የሚለውን ሐሳብ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ ይመረምራል፤ የተወውን ነገር በሐኪም ፈቃድ በትንሽ በትንሹ እንደገና ይጀምራል። ቶማስ ሉዊስ ለወታደሮቹ ካዘዘው ብዙም አይርቅም። ተጨማሪው፣ እግር ሲለማመድ ሐሳብም አብሮ እንዲለማመድ መደረጉ ነው።

ከስልክ ወደ ኢንተርኔት

ግን ባለሙያ ከየት ይምጣ? ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ጥቂት ነው። በሀብታም አገርም ሳይቀር ችግሩ ይኸው ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ስልክ ነው። እነ ፍሬዠር ስሚዝ 1,376 ሰዎችን ባካተተ ሙከራ ለግማሾቹ በየወሩ ስልክ እየደወሉ፣ የተጨነቀ ሲገኝ ነርስ ቤቱ ድረስ እንድትሄድ አደረጉ። በ1997 የወጣው ውጤት አሳዘነ፤ በሕይወት መቆየት ላይ ለውጥ አላመጣም። በሴቶቹ ላይ እንዲያውም አሳሳቢ አዝማሚያ ታየ። በ2003 የወጣው ሌላ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ 2,481 ሰዎችን ይዞ የንግግር ሕክምና ፊት ለፊት ሰጠ። ድብርቱ ቀነሰ፣ ብቸኝነቱም ተሻሻለ፤ ዕድሜ ግን አልጨመረም። እንግዲህ ይህ ሕክምና የሚሰጠው ሰው ዕድሜው ይረዝማል ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በቀረው ዕድሜ በሰላም እንዲኖር ነው ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚያው ዘመን ስዊድንና አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ያንኑ ሕክምና በትምህርት መልክ ከፋፍሎ በኢንተርኔት መስጠት። በ2001 የስዊድን ተመራማሪዎች ለድንገተኛ የፍርሃት ሕመም እንዲህ ያለ ሕክምና ሞክረው ጥሩ ውጤት አሳተሙ። ሕመምተኛው በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ያነባል፣ የቤት ሥራ ይሠራል፣ ባለሙያው በጽሑፍ ይመልስለታል። እኛ መምህራን ይህን ስናነብ የርቀት ትምህርት መሰለን፤ በእርግጥም ነው።

ለልብ ሕመምተኞች ሲሞከር ግን ነገሩ እንደታሰበው አልቀለለም። በስዊድን 239 ከልብ ሕመም የተረፉና ጭንቀት ወይም ድብርት ያለባቸው ሰዎች ለ14 ሳምንት በኢንተርኔት ሕክምና እንዲያገኙ ወይም በተለመደው ክትትል እንዲቆዩ ተደረገ። በ2018 የወጣው ውጤት በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም የሚል ነበር። ሕክምናው ከደረሳቸው ግማሽ ያህሉ የመግቢያውን ክፍል እንኳ አልጨረሱም። አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ገና ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ንባብና ብዙ ምርጫ ቀርቦላቸው ከብዷቸው ይሆናል።

በ2019 ደግሞ እዚያው ስዊድን ሌላ ሙከራ ወጣ። 144 የልብ ሕመምና ድብርት ያለባቸው ሰዎች፣ 9 ሳምንት ብቻ። እዚህ መሪዎቹ የልብ ሕመምተኛን በማስታመም ልምድ ያላቸው ነርሶች ነበሩ፤ ትምህርቱም ለልብ ሕመምተኛ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በዚህኛው ድብርቱ ቀነሰ። ሁለቱን ሙከራዎች በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ ሰዎቹም ጊዜውም ይለያያል። ቢሆንም አንድ ነገር ይጠቁማሉ። መሣሪያው ብቻውን አያድንም። ከመሣሪያው ወዲያ፣ ሕመሙን የሚያውቅና የሚመልስ ሰው መኖር አለበት። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ በብዙ አገሮች የልብ ማገገሚያ ፕሮግራሞች ተዘግተው በስልክና በኮምፒዩተር ሲተኩ፣ ይህ ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ሆነ።

ወደ እኛ አካባቢ

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። በእኛ አካባቢ ልብን የሚጎዳው የደም ሥር መዘጋት ብቻ አይደለም። ደም ግፊት አለ። በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳ፣ የልብን በሮች የሚያበላሽ ሪውማቲክ የሚባል ሕመምም አለ፤ ይህ ወጣቶችን የሚይዝ ነው። በአዲስ አበባ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙበት የልብ ማዕከል በ2009 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብዙ ልጆች ለቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ መላክ ነበረባቸው። ልቡ የተሰፋ ወጣትም እንደ አዛውንቱ ይፈራል።

ሐሳብን ማከም ደግሞ በአገራችን ሌላ ችግር አለበት። «አማኑኤል ግባ» እንደ ስድብ ሲነገር ያደግን ነን። አማኑኤል ሆስፒታል ስንቱን ያዳነ ሆስፒታል ሆኖ ሳለ ስሙ መሳለቂያ ሆነ። ስለዚህ ሰው ደረቱን ሲያመው ይናገራል፣ ሲጨንቀው ግን ይደብቃል። ጸበል የሚሄድ አለ፣ ዱዓ የሚያስደርግ አለ፤ እምነት ያጽናናል፣ ይህን አንነቅፍም። መድኃኒት አቋርጦ መሄዱ ነው አደጋው።

ደስ የሚለው፣ ብዙ ባለሙያ በሌለበት ምን ይቻላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የመጣው ከአፍሪካ ጭምር ነው። ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ እናቶችን አሠልጥኖ በክሊኒክ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ይዞ ዘዴው እንደሠራ አሳየ። ዩጋንዳ ውስጥ በራይኖ የስደተኞች ሰፈር ደግሞ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን በድምፅ የተቀዳ ትምህርት በቡድን ተቀምጠው ለ5 ጊዜ አዳመጡ፤ አስተባባሪዎቹም ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። በ2020 የወጣው ውጤት ከ3 ወር በኋላ ጭንቀታቸው ቀንሶ እንደተገኘ ያሳያል። እነዚህ የልብ ሕመምተኞች አልነበሩም። ነገር ግን ኢንተርኔቱ ቢቆራረጥ፣ ማንበብ የማይችል ቢኖር፣ የተቀዳ ድምፅና አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብዙ መሥራት እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ምን እንያዝ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ጥቂት ነገር እናውጣ።

አንደኛ፣ ከልብ ሕመም በኋላ መፍራት የእምነት ማነስም የወኔ ማጣትም አይደለም። የሕመሙ አካል ነው። የታከመው ሰው ክሊኒክ ሲሄድ ስለ ደረቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡም ይናገር። ሐኪሙ ካልጠየቀው እሱ ይጀምር።

ሁለተኛ፣ የደረት ሕመም ሁሉ ጭንቀት ነው ማለት አይደለም። ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከመጣ ምክር የሚሰማበት ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ነው። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰውም እንዲሁ ብቻውን አይተውም።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብ ሆይ፣ ሰውየውን አልጋ ላይ አትሰሩት። ሐኪሙ ከፈቀደለት ዛሬ እስከ ቦኖው፣ ከሳምንት በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ ይሂድ። አንድ ሰው አብሮት ይራመድ። አብሮ መራመድ ከ«አትነሳ» ይበልጣል።

አራተኛ፣ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ወጣት እናትና አባቱ ማንበብ የማይችሉትን ያንብብላቸው። ግን «ልብህን በ3 ቀን እናድናለን» የሚል ሁሉ ሐኪም አይደለም። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ መድኃኒት አቁሙ የሚል፣ ማን እንደሆነ የማይናገር ከሆነ ዝጉት። በክሊኒኩ የምታምኑትን የጤና ሠራተኛ ጠይቁ።

ዳ ኮስታ ወታደሮቹን «ውሸታችሁን ነው» ሳይል ስላዳመጣቸው፣ ሌቪንና ላውን ሕመምተኛቸውን ወንበር ላይ ስላስቀመጡት፣ የዚምባብዌ እናቶች አግዳሚ ላይ ስለተቀመጡ ነው ታሪኩ እዚህ የደረሰው። መሣሪያው ከወረቀት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኢንተርኔት ተለውጧል። የፈራ ሰው የሚፈልገው ግን ዛሬም «ምን ሆንክ? ንገረኝ» የሚለውን ሰው ነው። ይህን ለማለት ኔትወርክ መጠበቅ አያስፈልግም።

እስከ ሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።